ስድስተኛው ናሙና

እኔ እንዲህ ያለ የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቤታችን ጴንጤ ነው፣ ስራዬም ሆሳዕና ውስጥ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ነው፣ በማሽን ያላየሁትን አላወራም። ይሄን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመነኝ፣ ዛሬም ሳስበው ከፍርሃቱ ንዴቱ ይብስብኛል።

ቦኖሻ አካባቢ፣ ቦዮ ሐይቅ ዳር፣ አስቴር የምትባል ሴት ዳክዬ ታረባለች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያስተማረችው በእነሱ ነው። ጥቂቶቹ ሲያስነጥሳቸው ደውላ የጠራችን ራሷ ናት፣ ልብ በል፣ ራሷ! ባልደረቦቼ ሄደው ከአምስት ዳክዬዎች ጉሮሮ ናሙና ወስደው ላኩልኝ፣ እነሱ እዚያው ሆነው ውጤት ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ አምስቱም ኢንፍሉዌንዛ አለባቸው አለ። ይሄ ግን የቤተሰቡን ስም ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ገዳዩ ኤች ፋይቭም ቀለል ያለው ዘመዱ ኤች ናይንም እዚህ ላይ አንድ ናቸው፣ ለመለየት ሌላ ምርመራ ሠርተህ መጠበቅ አለብህ። ኤች ፋይቭ ከሆነ ሁሉም ይገደላሉ፣ ኤች ናይን ከሆነ ተለይተው ይቆያሉ።

ሁለተኛውን ምርመራ ማሽን ውስጥ እንዳስገባሁ አለቃዬ መጣ።

«ኢንፍሉዌንዛ ነው አይደል?»

«ነው፣ ግን የትኛው እንደሆነ ገና...»

«የትኛውስ ቢሆን ምን ያደርግልሻል? ከላይ እየደወሉብኝ ነው፣ ያስወግዷቸው።»

«ኧረ በፈጠረዎት! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይታገሱ!»

«አንቺ ደግሞ የዳክዬ ጠበቃ!» ብሎ እየሳቀ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

በሩን ድርግም አድርጌ ዘግቼ ተቀመጥኩ፣ ሰባት ሰዓት ነው፣ ጠራራ ፀሐይ። ከኋላዬ ቸፕ፣ ቸፕ የሚል ሰማሁ፣ እርጥብ እግር ሲሚንቶ ሲረግጥ። ዞርኩ፣ ማንም የለም። ወለሉ ላይ ግን፣ ከተዘጋው በር እስከ ወንበሬ ድረስ፣ ጭቃ የነካው የዳክዬ እግር ዱካ፣ ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ፣ ውሃው እንኳ ገና ያልደረቀ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መጮህ ሲገባኝ የናሙና መውሰጃ ጥጥ አንስቼ ከአንዱ ዱካ ጫፍ ጥቂት ጭቃ ወስጄ ቲዩብ ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ «ስድስት» ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ፣ አምስቱም ኤች ናይን። ወዲያው ለአስቴር ደወልኩ።

«እትዬ አስቴር፣ እንዳይነኳቸው! ቀላሉ ነው!»

«ሰባት ሰዓት ላይ ጨረሷቸው እኮ፣ እህቴ» አለችኝ፣ ድምጿ ቀዝቅዞ። «ታዲያ ለምን ነው የጠራኋችሁ?»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።

ስድስተኛውን ለብቻው አስገባሁት። ኤች ናይን። ለማነጻጸር አጠገቡ ያስገባሁት ንጹህ ውሃ ምንም አላሳየም፣ ስለዚህ ተበክሎብሽ ነው እንዳትለኝ።

አለቃዬ የውጤቱን ወረቀት አይቶ «አምስት ነው የላኩት፣ ይሄ ስድስተኛው የማን ነው? ሰርዢው» አለኝ። አልሰርዝም አልኩት። ወለሉን አሳየሁት፣ ጭቃው ደርቋል፣ ቅርጹ ግን እንዳለ ነው። ጎንበስ ብሎ ከበሩ እስከ ወንበሬ በዓይኑ ተከተለው፣ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«የወጣበትስ የታለ?» አለኝ።

«አልወጣም» አልኩት፣ «እርስዎን እየጠበቀ ይሆናል»፣ ከዚያ የላቦራቶሪውን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀምጬለት ወደ ቤቴ ሄድኩ።