ቅጽ አርባ፣ ገጽ 212

ማርሊስ ቲቬት ዱሉት ከተማ በሚገኝ አንድ የነርሶች ኮሌጅ ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። አንገቷ ተሰብሯል፤ ከሹራቧ የተበጠሰው ቁልፍ ግን ላይኛው እርከን ላይ ቀርቷል። ያደናቀፋት ነገር የለም፣ ሰው ነው የገፋት።

ማርሊስ መምህራኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታሠለጥን ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሦስቱ ሠልጣኞች ማሽኑ የጻፈውን መልስ ከነምንጩ አድላ፣ «ምንጩን ፈልጋችሁ አጣሩና በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሱ» አለቻቸው። የሞተችው በዚያች ሰዓት ነው።

መርማሪዋ ሲርካ ኬቶላ የጫማዋን በረዶ ሳታራግፍ፣ ከሦስቱ ሠልጣኞች አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት ስለ መድኃኒት ያስተማረው ዶክተር ሎይድ ደረሰባት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ገዳይዋ ቬዳ ናት። ምሳ ላይ ‹ማሽንሽን ከነአንቺ ከደረጃ ነው የምወረውራችሁ› ስትላት ሁላችንም ሰምተናል።»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ቤተ መጻሕፍት። የደረሰኝን ጽሑፍ አውጥቼ አነበብኩት። የሕክምና መጽሔቱ ቅጽ አርባ፣ ገጽ 212። ግሩም ጽሑፍ ነው! አሁን ያቺን ባለጌ ውሰጂልን።»

የአዋላጅነት መምህርቷ ቬዳ ፖሊስ መኪና ውስጥ በካቴና ታስራ ነበር። ማታ እስር ቤት እንደምታድር ሁሉም እርግጠኛ ሆኗል።

«በዚያ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ስሰድባት ነበር» አለች። «ማን ይመስክርልኝ? ስድቤ?»

ሦስተኛዋ ሠልጣኝ ኮሪን ዓይኗ ቀልቷል። «የተሰጠኝን ጽሑፍ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ደደብ እንዳልባል ሽንት ቤት ተደበቅኩ።»

ሲርካ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ወረደች። ከዚያ የማርሊስን ቦርሳ አስከፈተች።

በዚያ ኮሌጅ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ መለማመጃውን የፕላስቲክ በሽተኛ ከብቦ ስህተትን መናገር ልማድ ነው፤ ማንም አይወቀስም። ሲርካ ሦስቱንም እዚያው አስቀመጠቻቸው።

«ዛሬ ደንባችሁን አፈርሳለሁ» አለች። «የማርሊስ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ ‹ሦስቱም ምንጮች የማሽኑ ፈጠራ ናቸው። ባዶ እጁን የተመለሰ አለፈ።› ኮሪን፣ አልፈሻል። ቬዳ ጭራሽ ለመፈለግ አልሞከረችም። የሌለውን ጽሑፍ አግኝቶ ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሎይድ ውሸት ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

«የጽሑፉን ስም መሳሳት ይቻላል። አነበብኩት ማለት ግን ስህተት አይደለም። ቤተ መጻሕፍት አልነበርክም፣ ሎይድ።» ‹እርስዎ› ማለቱን ትታዋለች። «ቦርሳዋ ውስጥ የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዥህን አገኘሁ፤ ማርሊስ ጠርዙ ላይ ሁሉንም ጽፋበታለች። ማሽኑ የሠራልህን ሳታጣራ ለተማሪ ሰጠህ፤ አንዲት ተማሪ ሕፃን አሥር እጥፍ መድኃኒት ልትወጋ ስትል ለጥቂት ደረሱባት። ማርሊስ እስከ ማታ ራስህ እንድትናገር ጊዜ ሰጥታህ ነበር።»

«ለአንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ!» ሎይድ ተነስቶ ጮኸ። «ለአንዲት ነጥብ ብላ የሠላሳ ዓመት ስሜን ልትቀብር! ልቀቂኝ ብላት እምቢ አለች!»

ካቴናው ከቬዳ እጅ ወደ ሎይድ እጅ ዞረ።

«ሽማግሌ ብዬ አከብርህ ነበር» አለችው ቬዳ እጇን እያሻሸች። «እኔን ልታስበላ!»

ሎይድ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሲርካ ዞሮ በንቀት ሳቀ።

«ጽሑፉ እንደሌለ በምን አወቅሽ? እሷ ስለጻፈች? ወይስ አንቺም ማሽኑን ጠየቅሽ?»

«የለም» አለች ሲርካ። «ደረጃውን ወጥቼ ቅጹን ገለጥኩት። ገጽ 190 ላይ ያልቃል።»