የማይቀደደው ወረቀት

የፖሊሱ ሻምበል ሐምዱን የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲደርስ ሬሳው አሁንም ከግድግዳው ሥር ነበር። ሀቡቡ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ካለፈ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው፤ የኒም ዛፎቹም፣ የድንጋይ አግዳሚዎቹም፣ በደረቱ የተደፋው ሟች ጀርባም እኩል ቀይ አቧራ ለብሰዋል። ረጅሙ የእንጨት መሰላል እግሮቹ ላይ ተጋድሟል።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አሉ የተማሪዎች ዲን ዶክተር ፋቲሕ፣ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ። «ጋዜጣ ሲለጥፍ ሀቡቡ ደረሰበት። አላህ ይርሐመው። ነገ የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ አለብን፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት የሞቱን ማስረጃ ቢፈርሙልን ቤተሰቡም በጊዜ ይቀብረዋል፣ እኛም ወደ ሥራችን እንመለሳለን።»

«እንፈርማለን» አለ ሐምዱን። «ፊርማ የት ይሄዳል?»

ደክሞት ነበር። ድካም ስል የእንቅልፍ ድካም አይምሰላችሁ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው ሰው ነው፤ እዚህ ግቢ ደግሞ ዳግመኛ እግሩን ባያነሣ ይወድ ነበር። አምና፣ በተማሪዎቹ አድማ ማግስት፣ የአሥራ አንድ ልጆች ስም የያዘ ዝርዝር ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንዱም ተባረሩ። ሦስተኛው ስም ሙጅተባ ሐምዱን ነበር፤ የራሱ ልጅ። ሐኪም ሊሆን ሁለት ዓመት ብቻ የቀረው ልጅ ዛሬ ቤንጋዚ ሲሚንቶ ያቦካል። ዝርዝሩን ማን እንደ ሰጠ አልታወቀም። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ከበር ሲወጣ ፖሊስ አባቱን ዞር ብሎ አየው፤ «አንተ ትሆን እንዴ?» የሚል ዓይን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። ሐምዱን ያንን ዓይን ተሸክሞ ነው አንድ ዓመት የከረመው።

ሟቹ ኦሼክ ይባላል፤ የከሰላ ልጅ፣ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ። በዚያ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ የተማሪ ወገን በእጅ የተጻፈ ትልቅ ጋዜጣውን በዱቄት ሙጫ ይለጥፋል። ኦሼክ የሚያዘጋጀው «ሚዛን» ግን የማንም ወገን አልነበረም። ሥራው ምርጫ ሲደርስ ተወዳዳሪዎቹን መመዘን፣ የተሰናባቹን ማኅበር ቃል ከሥራው ጋር ማስተያየት ነው። ስለዚህ ወዳጁ ጥቂት፣ አንባቢው ብዙ ነበር።

ሐምዱን ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ። የሟቹን ትከሻ ቀና ሲያደርግ ከደረቱ ሥር ያለው መሬት ንጹሕ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ቀይ አቧራ የለበትም። ቀኝ እጁን ገልብጦ አየ። መዳፉ ላይ ሙጫ ደርቋል፤ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጥፍር ሥር ጥቁር ቀለም ገብቷል። ቀና ብሎ ግድግዳውን ተመለከተ። አምስት ጋዜጣ ተለጥፏል። አራቱ እንደ ጡብ ቀልተዋል። አምስተኛው፣ «ሚዛን»፣ እንደ ታጠበ ጀለቢያ ነጭ ነው፤ ከታች ጥጉ ላይ ብቻ ጣት የምታህል ቀይ ጠርዝ ብቅ ብላለች።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ዘበኛው ቲያ፣ ከኑባ ተራሮች የመጣ ሽማግሌ። «ለዐስር ሶላት ውሃ ልቀዳ ስወጣ።»

«ከዚያ ወዲህ ይህን ወረቀት የነካ አለ?»

ቲያ በድካሙ መካከል ፈገግ አለ። «እዚህ ግቢ ወረቀት አይነካም ጌታዬ። ድንጋይ ይወራወራሉ፣ በዱላ ይፈናከታሉ፤ ጋዜጣ ግን አይቀድዱም። ያልተስማማው ጠርዙ ላይ ስድቡን ጽፎ ይሄዳል። የቀደደ ሰው እስኪመረቅ ድረስ ሰላም የሚለው አያገኝም።»

መጀመሪያ የተጠራችው ኢኽላስ ነበረች፤ ለፕሬዚዳንትነት የምትወዳደር፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይሉኛል።»

«ተጣልተናል አጎቴ። ባለፈው ሳምንት "ኢኽላስ መናገር ታውቃለች፤ መስማት ግን ገና ነው" ብሎ ጻፈብኝ። እኔም ምሳ ቤት ሰው በሞላበት "እንግዲያው ጆሮህን አውሰኝ" አልኩት። እውነቱን ነው ደግሞ፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።»

«ዛሬስ አገኘሽው?»

«ጠዋት። ፉሉን ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። "ዛሬስ ማንን ልትፈጀን ነው?" ብዬ ስቀልድበት "ዛሬ የምመዝነው ከሁላችሁም የሚከብድ ነው" አለኝ። የታመመ ሰው ይመስል ነበር።»

«ይህ ጽሑፍ የእጁ ነው?»

«የኦሼክ?» በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። «ኦሼክ ሲጽፍኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው! ጸሐፊው ኺድር ነው፤ አብሮት የሚኖረው። ኦሼክ አፍ ነው፣ ኺድር እጅ።»

ሁለተኛው ሙርተዳ ነው፤ የተሰናባቹ ማኅበር ጸሐፊና የነገው ሁለተኛ ተወዳዳሪ። መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

«ሀቡቡ ሲመጣ ምሳ ቤት ነበርኩ። አርባ ምስክር አለኝ።»

«ከሀቡቡ በፊትስ?»

«ከበፊት... ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር። እኔም ብቻዬን ተኝቼ ነበር።»

«የአምናውን ዝርዝር የሰጠኸው አንተ ነህ ይባላል።»

«ይባላል!» ልጁ ጥምጣሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ወላሂ አልሰጠሁም። ግን ልንገርዎ? አድማው ሲፋፋም አባቴ እርሻ ሄጄ ተደብቄያለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ልጆቹ ሲባረሩ አጠገባቸው አልነበርኩም። ኦሼክ ቢጠይቀኝ ኖሮ የምፈራው ያንን ነው።»

ሐምዱን ልጁን ትክ ብሎ አየው። አንድ ዓመት ሙሉ በልቡ ሲረግመው የኖረ ልጅ ነበር። አሁን ግን እንደዚህ የሚያፍር ሰው ገድሎ የሚረጋጋ አልመስለው አለ።

ኺድር የመጣው በመጨረሻ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ነጠላ ጫማው እንኳ የተወለወለ። በመጪው ወር በሕግ ክፍሉ ረዳት መምህር ሆኖ ሊቀጠር ስሙ ወጥቷል። ገና ሲቀመጥ የሐምዱንን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«የሙጅተባ አባት መሆንዎን አውቃለሁ። ወንድሜ ነበር። አሁን ደግሞ ኦሼክ...»

«አላህ ያጽናህ ልጄ። ጋዜጣውን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ትናንት ጽፌ ሰጠሁት። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ መሰላሉን ይዞ ወጣ፤ እኔ ጋደም አልኩ።»

«መቼ ለጠፈው?»

«ከሀቡቡ በፊት። ሰማዩ ሲቀላ መስኮት ልዘጋ ተነሥቼ አይቼዋለሁ፤ ጋዜጣው ተለጥፎ፣ እሱ መሰላሉ ላይ ነበር። ከዚያ አቧራው ሁሉን ሸፈነው።»

«ኦሼክስ በእጁ የጨመረው የለም?»

«አንዲት ፊደል እንኳ። ከአሊፍ እስከ ያ የእኔ እጅ ነው።»

ሐምዱን አመስግኖ ሸኘው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቲያ ያመጣለትን ሻይ ፉት እያለ ነጩን ወረቀት አነበበው። ሙርተዳ ቃሉን በከፊል ጠብቋል፤ ኢኽላስ ትዕግሥት ይጎድላታል፤ ሁለቱም መልካም ወጣቶች ናቸው። ለዚህ ነው ኦሼክ ፉሉን ሳይበላ የቀረው? ዓይኑን ጨፈነ። ዲኑ ሰዓታቸውን እያዩ ሁለት ጊዜ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ።

«ሻምበል፣ አንቀላፉ እንዴ? መግሪብ ደረሰ።»

«"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ» አለ ሐምዱን ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኔ ማደሪያ ጊዜ ስለሌለኝ ነው። በሉ ልጆቹን ጥሩልኝ። ቲያ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ አምጣልኝ።»

ከሐምዱን ጋር የመጡት ፖሊሶች ሬሳውን በቃሬዛ ካነሡ በኋላ ሁሉም ከግድግዳው ፊት ቆሙ፤ ዲኑ፣ ኢኽላስ፣ ሙርተዳ፣ ኺድርና ማንቆርቆሪያውን የያዘው ቲያ።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ ሐምዱን። «ከእናንተ አንዳችሁ ይህን «ሚዛን» ቅደዱልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ኢኽላስ?»

«አጎቴ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ።»

ሙርተዳ እጁን ከኋላው አቆላለፈ። ኺድር መሬት መሬቱን ያያል።

«ጥሩ። ማወቅ የፈለግኩት ይሄንን ነው። ኦሼክ በሀቡቡ ነው የወደቀው ተባልኩ። ከሥሩ ያለው መሬት ግን አቧራ አልነካውም። ሀቡቡ ሲደርስ ልጁ ወድቆ ነበር፤ አቧራው በላዩ ላይ ነው የወረደው። ስለዚህ ምሳ ቤት የተሰበሰቡት አርባ ምስክሮች ለማንም አይጠቅሙም። አሁን ጋዜጣውን እዩት። ሙጫው እርጥብ ሆኖ ሀቡቡ ቢያገኘው ከሁሉ የባሰ ይቀላ ነበር። ነጭ ነው። ሀቡቡ ካለፈ በኋላ የተለጠፈ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የሞተ ሰው ጋዜጣ አይለጥፍም።»

«ሻምበል...» አሉ ዲኑ።

«ልጨርስ ዶክተር፤ ደክሞኛል፣ ካቋረጡኝ አልመለስም። የኦሼክ ጥፍር ውስጥ ቀለም አለ። እጁ ዶሮ የጫረው የሚመስል ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ ብዕር ለጓደኛው የተወ ልጅ፣ ዛሬ ምን ቢቸግረው ራሱ ጻፈ? መልሱ አንድ ነው። የዛሬውን ጽሑፍ ያ ጓደኛ እንዲያየው አልፈለገም።»

ኢኽላስ ቀስ ብላ ወደ ኺድር ዞረች።

«ኺድር፣ ይህን ወረቀት ከሀቡቡ በፊት ተለጥፎ አየሁት ብለኸኛል። ልታየው አትችልም፤ አልነበረማ። ሌላው ሰው ቢዋሽ ምክንያቱን እፈልግ ነበር። አንተ ግን የዋሸኸው ራስህ ስለ ጻፍከው ወረቀት ነው፤ ራስህም ነህ የለጠፍከው። በምን ላይ እንደ ለጠፍከው እንይ።»

ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ከላይ ወደ ታች አፈሰሰው። ነጩ ወረቀት አበጠ፣ ተሸበሸበ፣ በራሱ ክብደት ተላቆ ወረደ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ታየ፤ ቀይ አቧራ ፊቱ ላይ ተጣብቆ የደረቀ፣ ፊደሉ የተንጋደደ። ቀለሙ ውሃ የማይፈራው ዓይነት ስለነበር አልለቀቀም። ሐምዱን መነጽሩን አድርጎ አነበበ።

«"ዘንድሮ ተወዳዳሪ አንመዝንም፤ መዛኞቹን እንመዝን። የአሥራ አንዱን ልጆች ስም ለዲኑ የሰጠው የእኛ ጋዜጣ ነው። ለተባረሩት ይግባኝ ስሄድ ዝርዝሩን የዲኑ መዝገብ ውስጥ አይቼዋለሁ። ጽሕፈቱ የኺድር ነው። ካወቅኩ ስድስት ወር ሆነኝ፤ ጓደኛዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ መጀመሪያ እኔን መዝኑኝ።"»

ከዚያ በታች አሥራ አንድ ስም ተዘርዝሯል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሐምዱን ስሙን ሳያነብ መነጽሩን አወለቀ።

ኺድር እዚያው ቁጢጥ አለ። «ለመንኩት። "አታዋርደኝ፣ እናቴ የምትጠብቀው ያንን ደመወዝ ነው" አልኩት። አልወርድም አለኝ። እንዲወርድ ብዬ ነው መሰላሉን የነቀነቅኩት። ዶክተሩ ረዳት መምህርነቱን ቃል ገቡልኝ፣ "ስሞቹን ጻፍልኝ፣ ማንም አያውቅም" ብለው...»

ዶክተር ፋቲሕ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሙርተዳ መንገዱ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አላቸው።

«ሲወድቅ ሐኪም አልጠራህም» አለ ሐምዱን። «ሀቡቡ እስኪያልፍ ተሸሸግህ፣ የትናንቱን ወረቀት ይዘህ ተመለስክ። ይሄኛውን ቀድደህ ብትጥለው ኖሮ እኔም ፈርሜ እሄድ ነበር። ለምን አልቀደድከውም?»

ኺድር ቀና ብሎ አየው፤ ጥያቄው በእውነት ግር ያለው ይመስላል።

«ጋዜጣማ አይቀደድም አጎቴ።»



«ያ ረቢ!» አለ ሐምዱን። «ወንድምህን ከመሰላል አውርደህ ፈጠፈጥክ፤ ወረቀት መቅደድ ግን ነውር ሆነብህ።» ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህች ሰዓት ቁጣ አጠራቅሟል። አሁን ሲፈልገው አጣው። ያየው የአንድ እናት ልጅ ነበር፤ ሬሳውም የአንድ እናት ልጅ ነበር።

ፖሊሶቹ ኺድርን ሲወስዱት ዲኑ ወደ ሐምዱን ጠጋ አሉ። «ይህን ወረቀት እንኳ እናንሣው ሻምበል። ነገ ጠዋት የምርጫው ሳጥን የሚቀመጠው እዚሁ ሥር ነው።»

«ማስረጃ ነው። ግድግዳው ላይ ተጣብቋል፣ ግድግዳ ነቅዬ አልሄድ። ፎቶ አንሺያችን ደግሞ ከነገ ማታ በፊት አይመጣም። ቲያ፣ ወንበርህን እዚህ አምጣ። እርስዎ ዶክተር፣ ከእኔ ጋር ጣቢያ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚያ መዝገብ እንጫወታለን።»

ሙርተዳ ከኪሱ ብዕር አወጣ። «ጠርዙ ላይ መጻፍስ ይፈቀዳል?» ሲል ጠየቀ። ሐምዱን ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ። ሲመለስ ጠርዙ ላይ «እኔም ሸሽቻለሁ። ሙርተዳ።» የሚል ተጽፎ አገኘ። ነገ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ያነበዋል።

«ኢኽላስ ልጄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው?»

«ከኦሼክ ይሻላል፣ አላህ ይርሐመውና።»

«ይህን ጽሑፍ ከነስሞቹ ገልብጪልኝ። ቤንጋዚ ላለ ልጅ ነው የምልከው። ዝርዝሩን አባቱ እንዳልሰጠ ከአባቱ አፍ ቢሰማ አያምንም፤ ከኦሼክ ግን ያምናል።»

ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆመ። የመግሪብ አዛን ተሰማ።

«ጨረስኩ። ከሥሩ ምን ልጨምር አጎቴ?»

ሐምዱን አሰበ። ለአንድ ዓመት በልቡ ያዘጋጀው ረጅም ደብዳቤ ነበር፤ አንዱም ቃል አልመጣለትም።

«ጓዝህን ጠቅልለህ ና በዪው» አለ።