የደመናው ቀንድ አውጫጭኝ

በዘርማን መንግሥት፣ ጀምበር ደም መስላ በወጣችበት ጠዋት፣ ውሻ እንኳ አስፈቅዶ በሚጮኽባት ጸጥተኛ መንደር በሐመልማ፣ የደመናው ቀንድ ከመቅደሱ ተሰረቀ። ቀንዱ ካልተነፋ ዝናብ የለም፤ ዝናብ ከሌለ ሐመልማ የለችም። ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይጨነቁ «ዘንዶው ነው» አሉ። ዘንዶ እንደሆነ ተከሶ ሸንጎ አይቀርብ፣ ጎረቤት ሆኖ አይቀየም።

ወጣቷ ጦረኛ ወለላ ጦሯን መሬት ላይ ተክላ ማለች፦ «ቀንዱን ሳልመልስ ብቀር፣ ሬሳዬን ምድር አትቀበለው።»

እንደ አባት ያሳደጋትን ጋሻ ጃግሬ ሻውልን አስከትላ ወደ ዋሻው ወጣች። ዘንዶው ሻውልን ከወገቡ ቆርጦ ግማሹን ዋጠው፤ እሷም አንገቱን በጦር ወጋችው። አውሬው ነፍሱ ሊወጣ ሲል ሳቀ። «ቀንድ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሌባሽ ሰው ነው» አላት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ሻውል በከንቱ ሞተ፤ ወለላም የተረፈላትን ግማሽ ሬሳ ቀብራ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሌባው ሰው መሆኑን ስትነግራቸው፣ መንደሩ ለአውጫጭኝ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። በደንባቸው፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ከዚያ አይነሳም፤ ውሃም አይቀምስም። በሦስተኛው ቀን ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ዝለዋል፤ ከሽማግሌዎቹም የሞቱ ነበሩ።

«የቀረ ሰው አለ?» ስትል ወለላ ጠየቀች።

«እህትሽ ትብለጥ ብቻ» አሉ የሸንጎው አባት። «አራስ ናት። የአራስ ቤት ደግሞ አይፈተሽም፤ ወንድ አይገባበትም። የአባቶቻችን ሕግ ነው።»

 ወለላ ግን ሴት ናት፣ እህትም ናት፤ ገባች።

ትብለጥ ጨቅላዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የቀንዱ ጫፍ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ነው፤ ትንሿ ደረቱ በቀንዱ እስትንፋስ ከፍ ዝቅ ትላለች።

«ሳይተነፍስ ነው የተወለደው» አለች ትብለጥ። «ይኼ ነው የሚያስተነፍሰው። ወሌ፣ የኔ እናት፣ ካንቺ በቀር እዚህ የሚገባ የለም። አላገኘሁም በያቸው።»

«ውጭ ያሉትስ ልጆች?»

«እነሱን እኔ አልወለድኳቸውም።»

ወለላ እህቷን ከራሷ አስበልጣ ትወዳታለች። ቀንዱን ግን ከሕፃኑ አፍ አወጣች። ትብለጥ እግሯ ላይ ተጠምጥማ እስከ ደጁ ተጎተተች።

ቀንዱ ተነፋ፤ ሰማዩ ተቀደደ። ሐመልማ አበደች። ዝናቡን በአፋቸው እየተቀበሉ ወለላን ትከሻቸው ላይ አወጧት፣ ፎከሩላት፣ ሸለሉላት። ትብለጥ በዝናቡ መሃል ስትመጣ ግን ቀስ ብለው አወረዷት።

ትብለጥ የተጠቀለለውን ልጅ እህቷ ክንድ ላይ አስቀምጣ፣ «አንቺው ቅበሪው» አለቻት።

ወለላ ተንበርክካ በእጇ ጉድጓድ ማሰች። ዝናቡ አፈሩን አለስልሶት ስለነበር ብዙም አላደከማትም።