ያልተቀባው ነጭ

መርማሪው ሁሉንም ጠየቀ፤ እሷን ብቻ ዘለላት። ምድር ቤት የሚኖረውን አከራይ ጠየቀ። የሟቹን ሚስት ጠየቀ። ሟቹን «ጎበዝ ጀማሪ» እያለ ሃያ ዓመት ያቆየውን የሥዕል መምህር ሳይቀር ወንበር ስቦለት ጠየቀ። አስከሬኑን ያገኘችው ግን እሷ ነበረች። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ያጠበችውን ልብስ ለደንበኞቿ አድርሳ በጓሮ በኩል ስትመለስ፣ ታናሽ ወንድሟ የጓሮው ደረጃ ሥር አናቱ ተፈንክቶ ተዘርግቷል። ፖሊሶቹ ቃሏን በሁለት መስመር ጽፈው በአውራ ጣቷ አስፈረሟት፤ በቃ። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ዓይን የሌለው መሰላቸው።

ዛሬ መርማሪው ፎቅ ላይ ባለው የሥዕል ክፍል ቆሞ፣ ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን የውሃ ቀለም ሥዕል ያያል። ጥቁር ግንብ፣ ትናንት ጠዋት እሷ ገመድ ላይ ያሰጣቻቸው ነጭ አንሶላዎች፣ ከሥራቸው አጭር ጥላ።

«እማማ፣ ገለል በሉ» አላት በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

«ይሄን ወለል በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። አንተ ገለል በል!»

መርማሪው ዞር አለ። «ተዋት፣ ትግባ። እማማ፣ ወንድምዎ ነጭ ቀለሙን የት ነው የሚያስቀምጠው? ሣጥኑ ውስጥ የለም።»

«ዛሬ ገና ሰው ጠየቀ!» አለች። «የለውም። ኖሮትም አያውቅ።»

«ታዲያ አንሶላውን በምን ያነጣዋል?»

«በመተው! ሥዕል ማን ያስተማረው መሰለህ? የኔ ሳፋ ነው። ልጅ ሆኖ፣ ልብስ የማነጣበት ሰማያዊ ዱቄት ውሃው ውስጥ ሲሰራጭ ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ይውል ነበር። እኔ ነጩን መጀመሪያ፣ ጥቁሩን መጨረሻ ነው የማጥበው። እሱም ፈዛዛውን መጀመሪያ፣ ጠቆር ያለውን መጨረሻ። ነጭ የሚሆነውን ቦታ ውሃ እንኳ አያስነካውም። ‹ነጩ የወረቀቱ ነው እቴ፣ የኔ አይደለም› ይለኝ ነበር።»

ያንኑ ያስፈረሟትን አውራ ጣት በምራቋ አርሳ መርማሪውን አየችው። በእሺታ አንገቱን ነቀነቀላት። የተሣለውን አንሶላ ስታሸው ነጩ ጣቷ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ጥቁሩ ግንብ ወጣ።

«ብሩሹንስ እንዲህ ያቆመዋል?» በፀጉሩ ተደፍቶ ብርጭቆ ውስጥ የቆመውን አሳያት።

«ወንድሜ? እኔን በአናቴ ቢያቆመኝ ይቀለዋል!»

መርማሪው ሦስቱንም አስጠራ።

«እኔ የገባሁት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው» አለ አከራዩ ገና ሳይቀመጥ። «ፎቅ ላይ የሚያፈሰው ውሃ አልጋዬ ላይ ስለሚንጠባጠብ ከዚህ በፊት ተጣልተናል እንጂ አልነካሁትም።»

«እኔም አምስት ተኩል ላይ ቦርሳ ረስቼ ገብቼ በፊት በር ወጣሁ» አለች ሚስትየው። «እትዬ፣ እመኚኝ።»

«እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ሰላም ብዬው፣ ከአራት እስከ ሰባት አስተምሬአለሁ» አለ መምህሩ። «አርባ ተማሪ ምስክሬ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥላ ደግሞ የቀትር ነው።»

«አዎ፣ የቀትር ነው» አለ መርማሪው። «ሟቹ ግን አልሣለውም። ነጭ ቀለም የሌለው ሰው ነጭ አይቀባም። አከራዩም ሚስቱም ብሩሽ ይዘው አያውቁም። ጥቁር ላይ ነጭ የሚደርበው እንደ እርስዎ የዘይት ቀለም የለመደ እጅ ነው። እስከ ቀትር በሕይወት እንደነበረ ለማስመሰል የሚደክመውም፣ ቀትር ላይ ሌላ ቦታ የሚመሰከርለት ሰው ነው። ገፍትረው ጣሉት፣ ከዚያ የሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሣሉ። ቦርሳዎን ይክፈቱ፣ መምህር።»

ግማሹ ያለቀ የነጭ ቀለም ቱቦ ወጣ።

«ጠዋት አዳራሹን አይቼ ነው የመጣሁት። ለነገው ዐውደ ርዕይ አሥራ ሁለት የዚህ ግቢ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። አንዱም ላይ ጠብታ ነጭ ቀለም የለም። የተጻፈባቸው ስም ግን የእርስዎ ነው። ሟቹም ይህን ደርሶበታል፤ ለዚህ ነው የገደሉት።»

«‹ሥዕሎቼን መምህሬ ሊያሳይልኝ ወሰዳቸው› ብሎ እንደ ሕፃን ሲቦርቅ ነበር!» አለች ሚስትየው።

«የጀማሪ ሥዕል!» ጮኸ መምህሩ። «በኔ ስም ባይሆን ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር?»

ወሰዱት።

መርማሪው ወረቀት አውጥቶ ቀለም የነካ ስፖንጅ አቀረበላት። «እማማ፣ አዲሱ ቃልዎ ነው። ጣትዎን።»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አልፈርምም። መጀመሪያ ያንን ስም ታስነሳለህ። አሥራ ሁለቱም ላይ የወንድሜን ታስጽፋለህ። ከዚያ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ታመጣልኛለህ፤ አንድ በአንድ እየገቡ ያንብቡልኝ። ሦስቱም የሱን ስም ከጠሩ፣ ያኔ ጣቴን ታገኛለህ።»