በአባቶች ሜዳ የተሰማ ድምፅ

ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ በተቆረቆረችው አዲስ ከተማ አባቶች ከቁርስ በፊት የሚገናኙት «የአባቶች ሜዳ» በሚባል የበይነ መረብ ቡድን ነበር። ስለ ሩጫ፣ ስለ ቦርጭ፣ ጨው ስለ መቀነስ ያወራሉ፤ ይፎካከራሉ፣ ይቀላለዳሉ። ሥራ የበዛበት ወኪሉን በምትኩ ትቶ ይሄዳል። ወኪል ማለት በባለቤቱ ድምፅ የሚያወራ፣ ደረቱ ላይ ከተለጠፈው ስስ መከታተያ የልቡን ሁኔታ የሚያነብ ፕሮግራም ነው።

አንድ ቀን ወኪሎቹ ተበላሹ ተባለ። «የእኔው እንደ ሕፃን እያለቃቀሰ አዋረደኝ» የሚል ቅሬታ ለጥገና ባለሙያዋ ለማህቶት ደረሳት። ንግግሮቹን ስታዳምጥ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። የአባቷ የአቶ ኩራባቸው ነበር፤ የሚናገረው ግን ወኪላቸው ነው።

«ደረቴን ይጨመድደኛል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለልጄ ብነግራት ትጨነቅብኛለች። ፈርቻለሁ።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ፈርቻለሁ» አለው የጓደኛቸው የአቶ ላቀው ወኪል።

ማህቶት ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ ወኪልህ ደረቴን ያመኛል ሲል ሰማሁት። እውነት ነው?»

«እኔን?» አሉ እየሳቁ። «ጠዋት ላቀውን ጥዬው ስሮጥ ብታዪኝ! ማሽኑ ነው የሚቀባጥረው። ይልቅ እሱን ጠግኚልን።»

ሳቃቸው የለመደችው ሳቅ ነበር። አመነቻቸው። ወኪሎቹ ስለ ሕመም እንዳያወሩ አደረገች። ሜዳው እንደገና በፉከራ ደመቀ፤ አባቶቹም አመሰገኗት።

በዚያው ሳምንት አቶ ኩራባቸው ሲሮጡ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

የሜዳው አባቶች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ብዙዎቹ በአካል ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ብርቱ ሰው ነበር» አለ አንዱ። «አንድም ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም።»

ማህቶት «ብሏል!» ብላ መጮህ አማራት። ግን ያለው ማሽኑ ነበር፤ እሷ ያመነችው ደግሞ አባቷን።

ለቀስተኛው ሲቀንስ አቶ ላቀው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ በተቆራረጠ ድምፅ፣

«ልጄ» አሉ፤ «እኔንም ይጨመድደኛል። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።»

ማህቶት እያለቀሰች ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት አባቶች አቀረቀሩ። አንዱ ብቻ ኮቱን ደርቦ ተከተላቸው።