ወንዝ ያው ወንዝ

አህያው መሀል ወንዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ የፊት እግሮቹን አጠፈና ከነጭነቱ ውሃው ውስጥ ተኛ።

ጸሐይ ክው አለች። የቤቱ ሁሉ ቀለብ፣ ገና አሁን ከወፍጮ የወጣው የበቆሎ ዱቄት፣ ዓይኗ እያየ ውሃውን ነጭ አድርጎ ይወርዳል። ብትገፋው፣ ጅራቱን ብትጎትተው፣ ወይ ፍንክች።

ይሄ አህያ እኮ አመሉን ትቶ ነበር! ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ እዚህ አሶሳ ከሰፈረ ወዲህ አባቷ የገዛው የመጀመሪያ ከብት ነው። የሸጡለት ረጀብ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ ወንዝ ላይ እንደሚተኛ አልደበቁትም። አባቷም ለጸሐይ ቁርጡን ነገራት፤ ጭነት ይዞ ከተኛ ይሸጣል፣ እህሉን ወፍጮ የምትሸከመው እሷ ናት፣ ትምህርቱም በዚያው ይቀራል። እሷም በጋውን ሙሉ በሰፈራ መንደራቸው ወንዝ ጭና ስታመላልሰው ከረመች። እሺ አለላት። ክፍል ውስጥ ሁሉ «አህያ አስተማርኩ» እያለች ጉራዋን ስትነዛ ነበር።

ዛሬ ወደ ወፍጮ ሲሄዱ በድልድዩ ዞረው ነበር። ሲመለሱ ግን የከሰዓቱ ትምህርት እንዳያመልጣት በአቋራጭ፣ በረጀብ መንደር በኩል ይዛው መጣች። ወንዝ ያው ወንዝ ነው ብላ።

ረጀብ ከልጃቸው ከዓዲላ ጋር ከማሳቸው ሮጠው ደረሱ። ዓዲላ የጸሐይ የክፍል ጓደኛ ናት። ሦስቱም ተረባርበው ጭነቱን ሲፈቱለት አህያው ብድግ አለ፤ ዳር ወጥቶ ጆሮውን አራግፎ ሣሩን ይነጭ ጀመር። ጸሐይ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አህያ አልረሳም» አሉ ረጀብ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ዱሮ እዚህ ሲተኛ የኔ ልጆች ያዝናል፣ ጭነት ያወርዳል። የናንተ ወንዝ ሌላ፣ ይሄ ወንዝ ሌላ።»

የበጋ ልፋቷን ውሃ በላው። አሁንም ጭነቱን ፈትታለት፣ እንዲተኛ ያስተማረችው ራሷ ሆነች!

ዓዲላ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ «አዳልጦት ወደቀ በይ። ማን አየ?» አለቻት።

ጸሐይ አሰበችው። አዳልጦት ነው ካለች ትምህርቱ ለጊዜው ይተርፋል። አህያው ግን ነገም እዚሁ ይተኛል። ከዱቄቱ ግማሹ ሳይረጥብ ተርፏል፤ ለሁለት ከፍላ ቋጠረችው።

«እባክሽ ይህን ቤት አድርሺልኝ። አህያው ተኛ በይልኝ። አዳልጦት እንዳትይ።»

«አንቺስ?»

«እስኪሻገር እዚሁ ነኝ።»

ዓዲላ ቋጠሮዎቹን በትከሻ እንጨቷ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ ሄደች። ጸሐይ እርጥቡን ጆንያ አራገፈችና አሸዋ ሞላችበት። ረጀብ አንሥተው ጫኑላት። አህያውን ወደ ወንዙ መለሰችው።

መሀል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ ተኛ።

ጸሐይ የጭነቱን ገመድ አልነካችም። ከጎኑ ውሃው ውስጥ ቆመች።